የሦስት ሳምንት የብስክሌት ውድድር እንዳይደብር፦ በጋራ ሐሳባችን ረቂቅ ላይ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ለቱር ደ ፍራንስ፣ ለጂሮ ዲ ኢታሊያና ለቩኤልታ ኤስፓኛ አዘጋጆች የምንልከውን የጋራ ሐሳብ መልክ የምናስይዝበት ጊዜ ደርሷል። ሁላችንም የምናነሣው ቅሬታ ያው ነው። አንዳንድ ዓመት ሦስቱ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ሳናውቀው ያልቃል። አንዳንድ ዓመት ደግሞ አሸናፊው በሁለተኛው ሳምንት ይታወቅና የቀረውን ከልማድ ብቻ እናየዋለን። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ በግልጽ ካልጻፍን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረንም።

የእኔን ላስቀድም። ውድድር የሚደብረው ዳገት ስላነሰው አይደለም። የሚደብረው በእጁ ያለውን ለማጣት የሚደፍር ሰው ሲጠፋ ነው። ሁለተኛው ሁለተኛነቱን፣ ሦስተኛው ሦስተኛነቱን ይዞ መጨረስ ከበቃው መሪውን የሚነካው የለም።

የ2025ቱን ጂሮ አስታውሱ። 20ኛው ስቴጅ (የአንድ ቀን ውድድር) ሲጀመር በአጠቃላይ ሰዓት የሚመራው የሚለብሰው ሮዝ ማሊያ ኢሳክ ዴል ቶሮ ላይ ነው። ሪቻርድ ካራፓዝ ሁለተኛ፣ ሳይመን ዬትስ በ1 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ ርቆ ሦስተኛ። ፊኔስትሬ ዳገት ላይ ዬትስ አፈትልኮ ወጣ። ዴል ቶሮና ካራፓዝ ተያዩ። እኔ ፊት ሆኜ ነፋሱን እየሰበርኩ ብጎትት አንተ ጀርባዬ ላይ አርፈህ ኋላ ትቀድመኛለህ፣ ነገሩ ይኸው ነው። እነሱ ሲተያዩ ሰውዬው የጠጠሩን መንገድ ጨርሶ ጫፉን አለፈ። ከዳገቱ ማዶ የቡድን ጓደኛው ዋውት ቫን አርት ቀድሞ ወጥቶ ይጠብቀው ነበር። ሸለቆውን እሱ ጎተተለት። ዬትስ ጂሮውን በ3 ደቂቃ ከ56 ሴኮንድ ልዩነት ወሰደው። ይኸው ዳገት በ2018 ሮዝ ማሊያ ለብሶ የተሰበረበት ነው። ያን ቀን ከ38 ደቂቃ በላይ አጥቷል።

እንግዲህ ሐሳባችን በዚህ ይጀምር እላለሁ፦ መንገዱ ከመድረሻው ርቆ ለማጥቃት የደፈረን የሚጠቅም ይሁን። ምን ትላላችሁ?

የመንገድ ቡድኑ አባል

እህታችን፣ በመነሻው እስማማለሁ። የቡድናችን ረቂቅ አንቀጽ ይኸው፦ «በተራራ ጫፍ የሚያልቁ ስቴጆች ይቀነሱ። ከባዱ ዳገት ከመድረሻው 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ይራቅ። ከዚያ ቁልቁለት፣ ከዚያ አጠር ያለ ዳገት ይከተል።»

ምክንያታችንን ላስረዳ። ስቴጁ ረጅምና ከባድ ዳገት ጫፍ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ሁሉም ያንን ዳገት ይጠብቃል። ጠንካራው ቡድን ረዳቶቹን ፊት አሰልፎ ፍጥነቱን ከፍ ያደርጋል። በዚያ ፍጥነት ላይ ሌላ ፍጥነት ጨምሮ መውጣት የሚችል የለም ማለት ይቻላል። እና አምስት ሰዓት ተቀምጠን የምናየው የመጨረሻዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች ነው።

ማሳጠርም ይረዳል። በ2016ቱ ቩኤልታ ወደ ፎርሚጋል የሄደው ስቴጅ 118 ኪሎ ሜትር ተኩል ብቻ ነበር። ኮንታዶር ገና ከመነሻው አጠቃ። ኩንታና ተከተለው። ክሪስ ፍሩም ኋላ ቀረ፣ አብዛኞቹ ረዳቶቹም አብረውት አልነበሩም። ያን ቀን ከ2 ደቂቃ ተኩል በላይ አጣ፣ ቩኤልታውንም ኩንታና ወሰደው። ፍጥነቱ እንዴት እንደነበር ለማወቅ ይህን እዩ፦ ከ90 በላይ ተወዳዳሪዎች ከተፈቀደው ሰዓት ውጪ ገቡ። አዘጋጆቹ ሁሉንም ማስወጣት ስላልቻሉ ማሩዋቸው።

ግን ማሳጠር ብቻውን መድኃኒት አይደለም። በ2018 ቱር ደ ፍራንስ 65 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ የፒሬኔ ስቴጅ አዘጋጅቶ ነበር። ተወዳዳሪዎቹን እንደ መኪና ውድድር በደረጃቸው አሰልፎ ለቀቃቸው። መሪዎቹ ገና ከመነሻው ብቻቸውን ይፋጠጣሉ ተብሎ ነበር። አልሆነም። ወዲያው ሁሉም ረዳቶቹን አገኘና የተለመደው ሰልፍ ተሠራ። ስለዚህ አሰላለፉን የሚመለከት ነገር ረቂቁ ውስጥ አናስገባ።

የቀድሞ ተወዳዳሪ

ልጆች፣ ጥሩ ጽፋችኋል። አንድ ነገር ግን ረስታችኋል። ድካም።

ሁሉንም ስቴጅ ካሳጠራችሁት በሦስተኛው ሳምንት የሚሰበር ሰው አታገኙም። ሰውን የሚሰብረው አንዱ ዳገት አይደለም፣ ከዚያ በፊት ያለፈው ሁለት ሳምንት ነው። በ2018ቱ ጂሮ ፍሩም ፊኔስትሬ ላይ ወጥቶ 80 ኪሎ ሜትር ብቻውን ሲሄድ ስቴጁ 19ኛው ነበር። በአምስተኛው ቀን ቢሞክረው ያሳድዱትና ይይዙት ነበር። በ19ኛው ቀን የሚያሳድደው እግር ያለው ሰው አልነበረም። ከ3 ደቂቃ በላይ ወደ ኋላ የነበረ ሰው በአንድ ቀን መሪ ሆነ።

ረጅሙ ሜዳ ለተመልካች ይሰለቻል፣ ይገባኛል። ለተወዳዳሪው ግን ነገ የሚከፈል ዕዳ ነው። አንድ ሁለት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆኑ ቀኖች ይቅሩ።

ሜዳው ራሱም ሁልጊዜ እንቅልፍ አይደለም። የጎን ነፋስ ያለበት አገር ውሰዱት። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ተወዳዳሪዎቹ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በሰያፍ ይይዛሉ። እያንዳንዱ ከፊቱ ላለው ሰው ጎን ተጠግቶ ይከለላል። የመንገዱ ስፋት አሥራ አምስት ሰው ከያዘ ለ16ኛው መከለያ የለም። ጠርዙ ላይ በአንድ መስመር ይቀራል፣ ነፋሱን ብቻውን ይበላል። ከፊቱ ያለው ሰው አንዴ አንድ ሜትር ከለቀቀ መስመሩ ተበጠሰ ማለት ነው። በ2019 ቱር ደ ፍራንስ ወደ አልቢ ሲሄዱ ቲቦ ፒኖ እንዲህ ሆኖ 1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ አጣ። በ2020 ወደ ላቮር ሲሄዱ ያን ዓመት ያሸነፈው ፖጋቻር ራሱ 1 ደቂቃ ከ21 ሴኮንድ አጥቷል። ዳገት የለም፣ አደጋ ግን አለ።

ሰብሳቢዋ

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። እርስዎ ያሉት ረቂቁን ይቀይረዋል። ስቴጆችን ከማሳጠር ይልቅ የስቴጆቹ ቅደም ተከተል ላይ እናተኩር፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ረጃጅሞቹ፣ በሦስተኛው ሳምንት አጫጭርና ተራራማዎቹ። ሜዳማዎቹም በተቻለ መጠን ገላጣና ነፋስ በሚነፍስበት መንገድ ይለፉ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎት። ነፋስ የሌለበት ሜዳስ? ሦስት አራት ሰዎች ይወጣሉ። ዋናው ስብስብ የሚይዝበትን ሰዓት አስልቶ ይለቃቸዋል። መድረሻው ሲቃረብ ይይዛቸዋል። ከዚያ ስፕሪንት፣ ማለትም የመጨረሻው የፍጥነት ሽሚያ። ይህን በተከታታይ ሦስት ቀን ማየት ከባድ ነው።

የቀድሞ ተወዳዳሪ

በተከታታይ ሦስት ቀን አይሁን። በእሱ አልከራከርሽም።

የስርጭት ቡድኗ አባል

እኔ ስለ ስፕሪንቱ ልከራከር። ማን እንደሚያሸንፍ ግድ ካለን የሜዳ ቀን አይሰለችም። በ2024 ቢንያም ግርማይ 3ኛውን፣ 8ኛውንና 12ኛውን ስቴጅ ሲያሸንፍ ማን ነበር ቴሌቪዥኑን የዘጋ? በቱር ደ ፍራንስ ስቴጅ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሆነ። የነጥብ መሪው የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያም እስከ መጨረሻው ከተማ እስከ ኒስ ይዞ ደረሰ። ያን ዓመት በየመሀሉ ያለችው የነጥብ መስመር እንኳ ልብ ታንጠለጥል ነበር። ስለዚህ የማሊያ ነጥቦቹ ክብደት ይኑራቸው የሚል መስመር ይግባልኝ።

ሁለተኛው ነገር ስርጭቱ ነው። ከ2017 ጀምሮ ቱር ደ ፍራንስ እያንዳንዱ ስቴጅ ከመነሻ እስከ መድረሻ በቀጥታ ይታያል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ካሜራው ፊት ላይ ብቻ ከቆመ ድራማው ያመልጠናል። ድራማው ብዙ ጊዜ ኋላ ነው። መሪው ስንት ረዳት ቀረው? ማን ነው ከመስመሩ እየተንሸራተተ ያለው? ይህን የሚያሳይ አንድ ሞተር ብስክሌት ሁልጊዜ ከኋላ ይኑር። ስክሪኑ ላይ የጊዜው ልዩነትና የእያንዳንዱ መሪ ቀሪ ረዳቶች ቁጥር ይጻፍ። ወጪው ያን ያህል አይደለም፣ ለተመልካቹ ግን ትልቅ ነገር ነው።

የመንገድ ቡድኑ አባል

በግል ክሮኖሜትር (እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር በሚወዳደርበት ስቴጅ) ላይ አልተነጋገርንም። ቡድናችን እዚህ ላይ ለሁለት ተከፍሏል።

ብዙ ሲሆን ይገድላል። በ2012 ቱር ደ ፍራንስ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ክሮኖሜትር ነበር። ብራድሊ ዊጊንስ ልዩነቱን እዚያ ሠራ፣ ቡድኑ ተራራውን በልኩ ጎተተ፣ አለቀ። ጨርሶ ሲጠፋ ደግሞ ዳገት ወጪዎቹ ሁሉ እኩል ይሆኑና እርስ በርስ ይጠባበቃሉ።

የመጨረሻ ቀን ክሮኖሜትር የሚፈልጉት የ1989ን ቱር ደ ፍራንስ ያነሣሉ። ሎራን ፊኞ በ50 ሴኮንድ እየመራ ከቬርሳይ ተነሣ። 24 ኪሎ ሜትር ተኩል ነበር የቀረው። ፓሪስ ሲደርስ ግሬግ ለሞንድ በ8 ሴኮንድ አሸንፎታል። 2020ም አለ። ሮግሊች በ57 ሴኮንድ እየመራ ፕላንሽ ዴ ቤል ፊይ ዳገት ላይ ባለቀው ክሮኖሜትር የመሪውን ቢጫ ማሊያ ለፖጋቻር አስረከበ። ሁለቱም የማይረሱ ናቸው። እኔ ግን 2020ን ሳስታውስ ከዚያች አንድ ሰዓት በፊት በነበሩት ቀኖች የሆነውንም አስታውሳለሁ። የሮግሊች ቡድን አብዛኞቹን ተራራዎች ቆልፎ ነበር፣ ደፍሮ የወጣው ጥቂት ነው። አንድ ድንቅ ሰዓት ብዙ ዝምታን አይክስም።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ሜዳማ የሆነ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ክሮኖሜትር በመጀመሪያው ሳምንት። ዳገት ወጪው እዚያ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጣ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ አይችልም፣ ማጥቃት ግዴታው ይሆናል።

አዲስ አባል

ጥያቄ አለኝ። አንድ ሰው ከሁሉም እጅግ ከበለጠ ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? በ2024ቱ ጂሮ ፖጋቻር ስድስት ስቴጅ አሸንፎ በ9 ደቂቃ ከ56 ሴኮንድ ልዩነት ነው የጨረሰው። የትኛው መንገድ ያቆመው ነበር?

የቀድሞ ተወዳዳሪ

የትኛውም አያቆመውም ነበር ልጄ። እሱን ረቂቁ ውስጥ ለመፍታት አንሞክር። ያም ሆኖ ሁለቱን ነገሮች ለዩ። ርቆ ሄዶ የሚያጠቃ አሸናፊና በረዳቶቹ ሰልፍ ተከልሎ የሚጠብቅ አሸናፊ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ቢያንስ ይታያል።

የስርጭት ቡድኗ አባል

በልዩነት ረገድ የሴቶቹን 2024 ቱር ደ ፍራንስ ልጨምር። ስምንት ስቴጅ ብቻ ነበር። በመጨረሻው ቀን ዴሚ ፎለሪንግ ግላንዶን ዳገት ላይ ከሩቅ አጠቃች። ካታርዢና ኒዬቪያዶማ ቢጫ ማሊያዋን ለማዳን አልፕ ድዌዝን ስትወጣ የቀራትን ሴኮንድ እየቆጠርን ነበር። በ4 ሴኮንድ አዳነችው። የሩቅ ማጥቃትም እስከ መጨረሻ የዘለቀ ጥርጣሬም በአንድ ቀን። ለአንቀጽ አንድ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሰብሳቢዋ

ይግባ። እንግዲህ የተስማማንበትን ልጻፍ፦

«ከባድ ዳገቶች ከመድረሻው ርቀው ይቀመጡ። ረጃጅም ስቴጆች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ አጫጭርና ተራራማ የሆኑት በሦስተኛው ይሁኑ። ከሁለት በላይ የስፕሪንት ቀኖች አይከታተሉ። ሜዳማ ክሮኖሜትር ከተራሮቹ በፊት ይምጣ። ስርጭቱ ኋላ የቀሩትንም ያሳይ።»

ያልተስማማንበት አንድ ቡድን የሚያሰልፋቸው ተወዳዳሪዎች ቁጥር ነው። በ2018 ከ9 ወደ 8 ወርዷል። አንዳንዶቻችሁ 7 ይሁን ትላላችሁ፣ ጠንካራው ቡድን ውድድሩን መቆለፍ እንዲከብደው። ጋሼ ደግሞ በአደጋና በሕመም ሁለት ሰው የጎደለበት ቡድን ሦስት ሳምንት እንዴት ይዘልቃል ብለው በስልክ ነግረውኛል። ሁለቱም እውነት አለው። በድምፅ ይለይ። እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ፣ «7» ወይም «8» ብላችሁ ብቻ።

የመንገድ ቡድን፣ የፎርሚጋልንና የፊኔስትሬን ምሳሌ እያንዳንዳቸውን ከአንድ አንቀጽ ሳታስበልጡ አዘጋጁ። የስርጭቱን ክፍል እህታችን ትያዘው። የጎን ነፋሱን ጋሼ ይጻፉልን፣ ከላይ እንዳስረዱን አድርገው፣ ምንም ሳይቀንሱ።