ፈረሷ ከሞተ ወዲህ ጓደኛዬ አትመጣም፤ ምን ላድርግ?

የዳማ ባለቤት፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ ስለ ኮርቻና ስለ ኮቴ ነበር የምጠይቃችሁ። የአሁኑ ጥያቄዬ ግን ስለ ሰው ነው።

እኔና ጓደኛዬን ያገናኘን ፈረስ ነው። ሌላ ምንም የሚያመሳስለን ነገር የለም። እሷ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ እኔ ፀጉር ሠሪ። እሷ ዝምተኛ፣ እኔ አፌ የማያርፍ። የእሷን ቦራና የእኔን ዳማ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ጋጣዎች አኑረን፣ ስድስት ዓመት ማለዳ ማለዳ አብረን ጋልበናል። ስለ ባሎቻችን ያወራንበት ቀን ትዝ አይለኝም። የቦራ የኋላ ግራ እግር ለምን እንደሚሞቅ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከራክረናል። ይህን ለሌላ ሰው ባወራ ይስቅብኛል። እናንተ እንደማትስቁ ስለማውቅ ነው እዚህ የመጣሁት።

ዳማን ከእኔ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት። በመጀመሪያው ዓመት ኮርቻው እየዞረ ሁለቴ ጥሎኛል። ጠፍሩን ሳጠብቅ ሆዱን እንደሚነፋ ያየችው እሷ ነበረች። "ትንሽ አራምጂውና ደግመሽ አጥብቂ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወድቄ አላውቅም። እሺ፣ አንዴ ወድቄያለሁ፤ እሱ ግን በራሴ ጥፋት ነው።

ከሁለት ወር በፊት ቦራ በሆድ ቁርጠት ሞተ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ስደርስ ላብ በላብ ሆኖ ይንከባለላል። እንደምንም ይነሳል፣ መልሶ ይወድቃል። ሐኪሙ የልብ ምቱን ቆጠረ፤ በደቂቃ 84። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ከ28 እስከ 44 መሆኑን ሁለታችንም ስለምናውቅ ማንም ሊያስረዳን አላስፈለገም። አንጀቱ ተጠማዟል አለ። ለቀዶ ጥገና ጊዜው አልፎ ነበር። ሊነጋጋ ሲል በመርፌ አሳረፉት። እሷ ጋማውን ይዛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመጣችው አንዴ ብቻ ነው፤ ኮርቻዋን ልትወስድ። ስደውል አታነሳም። መልእክት ስልክላት መልሷ "ደህና ነኝ" ብቻ። ዳማ በመጀመሪያው ሳምንት አጥሩ ጥግ ቆሞ ሲያሽካካ ይውል ነበር። አሁን ያን ትቷል፤ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ግን እስከ ዛሬ ጆሮው ይቆማል።

ልተዋት ወይስ ልጎትጉታት? ዳማን ጋልቢው ብላት ቁስሏን መነካካት ይሆንብኛል? "ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው" የሚባለው ለሚፎክር ሰው ነው እንጂ ላዘነ ሰው አይሆንም።

ባለ ሦስት ፈረስ፦

ልጄ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ ስለ ፈረሱ ልናገር፤ ሰዉ ይደርሳል።

ዳማ አሁን ብቻውን ነው? ብቻውን ከሆነ ቶሎ ጓደኛ ፈልጊለት። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል፤ እውነተኛውን እንቅልፍ የሚያገኘው ግን ሲተኛ ነው። የሚጠብቀው ሌላ ፈረስ ከሌለ ደግሞ ብዙው ደፍሮ አይተኛም። ሌላ ፈረስ ካጣሽ አህያ ወይም ፍየልም ከምንም ይሻላል። እኔ ዘንድ አንድ ሽማግሌ ፈረስ ከፍየል ጋር አራት ዓመት ኖሯል። ፍየሏ ድርቆሹን እየበላችበት ዝም ይላት ነበር። ለእኔ ግን አንድ ቀን ዝም ብሎኝ አያውቅም።

ጓደኛሽን በተመለከተ፣ ሁለት ወር ምንም አይደለም። ታገሺ።

ያለ ፈረስ የቀረሁ፦

እኔ ባዝራዬን ካጣሁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል። ስለዚህ ከወዲያኛው በኩል ሆኜ ልንገርሽ።

"ሌላ ግዢ" እንዳትያት። ለእኔ በሳምንቱ የሽያጭ ማስታወቂያ የላከልኝ ሰው ነበር። ክፋት እንደሌለው አውቃለሁ፤ ግን እስከ ዛሬ አላናገርኩትም።

ከሁሉም የጎዳኝ ሞቷ ብቻ አልነበረም። ከእሷ ጋር ማለዳዬም ሄደ። ከእንቅልፌ በ11 ሰዓት እነቃለሁ፣ የምሄድበት የለኝም። ጓደኞቼ ሁሉ እዚያው ጋጣው አካባቢ ናቸው፤ ያለ ፈረስ ብሄድ ምን እሠራለሁ? እጄን ኪሴ ከትቼ ልቁም? አንዱ ጓደኛዬ "ና" አላለኝም። "ነገ ጀርባዬን አሞኛል፣ ጋጣውን የሚጠርግልኝ አጣሁ" አለኝ። ሄድኩ። ጀርባውን እንዳላመመው የገባኝ አካፋውን ከያዝኩ በኋላ ነው።

ጋልቢው አትበያት። ሥራ ስጫት።

ልጓም አጥባቂ፦

ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ ትንሽ ደረቅ ነኝ። ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። ስድስት ዓመት አብራሽ የጋለበች ሰው፣ እናንተም ሳትጣሉ፣ በሐዘን ብቻ እንዲህ በሯን ዘግታ ትቀራለች? ሊሆን ይችላል። ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት በፊት ያለውን አልነገርሽንም። የማታውን ዙር ማን ነበር ያየው?

የዳማ ባለቤት፦

እኔ ነበርኩ።

ተራ ነበረን። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ እኔ አያለሁ፣ ሌላውን ቀን እሷ። ያን ቀን ሐሙስ ነበር። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደረስኩ፤ ደክሞኝ ነበር፣ ዝናቡም ይወርዳል። ቦራ በፊት እግሩ መሬቱን ይጭር ነበር። አንዴ ዞር ብሎ ጎኑን አየ። አየሁት፤ በዓይኔ አየሁት። ዝንብ ነክሶት ይሆናል አልኩ። በዝናብ ምን ዝንብ አለ! ድርቆሹን አልነካውም ነበር። ውሃውንም አላየሁም። በሩን ዘግቼ ሄድኩ።

እሷ እንቅልፍ እምቢ ብሏት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ባትመጣ ኖሮ ብቻውን ነበር የሚሞተው።

ይህን አልነገርኳትም። ማታ ደህና ነበር ወይ ስትለኝ "ደህና ነበር" አልኳት።

ለሁለት ወር "ለምን አታናግረኝም" ስል የከረምኩት እኔ ነኝ። ስጽፈው አሁን አፈርኩ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦

በሥራዬ ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ፈረሱና ሰዓቱ ይለያያል እንጂ።

ያላየሁትን ፈረስ ከሩቅ ሆኜ አልፈርድበትም። መሬት መጫር፣ ጎንን ዞሮ ማየት፣ መኖ መተው የቁርጠት ምልክቶች ናቸው፤ ይህ እውነት ነው። ግን ብዙው ቁርጠት በቀላል ሕክምና የሚያልፍ ነው፣ አንዳንዱም በራሱ ይለቃል። አንጀት መጠማዘዝ ሌላ ነገር ነው። ወደ አንጀቱ የሚሄደው ደም ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ ጊዜው በሰዓታት ነው የሚቆጠረው። የቦራ አንጀት በ2 ሰዓት ተጠማዞ ነበር ወይስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ? ይህን የሚነግርሽ ሐኪም የለም። ስለዚህ "ገደልኩት" አትበይ። "ምንም አይለውጥም ነበር" ብለሽም ራስሽን አታጽናኚ።

ለሌሎቻችሁም፦ የማታ ዙር በር ላይ ቆሞ ማየት አይደለም። ገብታችሁ ፋንድያውን እዩ፣ ባልዲውን እዩ፣ ጆሯችሁን ጎኑ ላይ አድርጉ። የፈረስ ሆድ ሁልጊዜ ይንጎራጎራል። ዝም ካለ ነው መፍራት።

ባለ ሦስት ፈረስ፦

እኔ አትንገሪያት ባይ ነኝ። ፈረሱ አይመለስ። የአንቺን ሸክም ለእሷ ማሸከም ነው።

ያለ ፈረስ የቀረሁ፦

አባባ፣ በዚህ አልስማማም። እኔ ባዝራዬ የሞተች ሌሊት ያደረግሁትን ሁሉ በጭንቅላቴ ሺህ ጊዜ መላልሼዋለሁ። መኖው ይሆን? ትላንት በደንገላሳ አብዝቼባት ይሆን? ያቺ ሴት አሁን ራሷን እየከሰሰች ከሆነስ? የሐሙሱን ማታ ብታውቅ ቢያንስ አንዱን ጥያቄ ታስወግዳለች።

ልጓም አጥባቂ፦

ንገሪያት። በስልክ አይደለም።

የዳማ ባለቤት (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)፦

የሆነውን ሳልነግራችሁ ብቀር ነውር ነው።

ቤቷ ሄድኩ። በሩን ከፈተች፣ ግቢ አላለችም፣ አትግቢም አላለችም። እዚያው ቆሜ ነገርኳት። መሬት መጫሩን፣ ጎኑን ማየቱን፣ ድርቆሹን፣ ዝናቡን፣ "ደህና ነበር" ብዬ መዋሸቴን። ከቤት ስወጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

ዝም ብላ ሰማችኝና "አውቃለሁ" አለች። "ባልዲው ሙሉ ነበር።"

ያን ሌሊት ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ውሃውን ነበር ለካ። ከሰዓት በኋላ እሷ ራሷ ሞልታ የሄደችው ውሃ አንድ ጣት እንኳ አልጎደለም። ጋጣው ውስጥ ገብቼ ባልዲውን ባየው ኖሮ እንደማውቅ ታውቃለች። ሁለት ወር ሙሉ እስክነግራት እየጠበቀች ነበር።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም። ለረጅም ጊዜ ቆምን። ልሄድ ስዞር ነው "የዳማ ኮቴ መቼ ተስተካከለ?" ያለችኝ። አሥራ አንድ ሳምንት ሆኖታል አልኳት። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት መሆን እንዳለበት ለእኔ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ፊቷን አጨፈገገች፤ ያቺን የማውቃትን ማጨፍገግ። "የፊት ቀኙ ቶሎ ነው የሚያድገው፣ ይሰነጠቅበታል" አለች። ከዚያ በሩን ዘጋችው።

ማታ መልእክት ላከች፦ "ቅዳሜ ጠዋት አየዋለሁ። ኮቴውን ብቻ።"

ባለ ሦስት ፈረስ፣ ምክርዎን ግማሹን ሰምቻለሁ። ከትላንት ጀምሮ ዳማ ጎረቤት ጋጣ አንዲት አህያ ገብታለች። እስካሁን ጀርባውን ነው የሚሰጣት። ዛሬ ጠዋት ግን ስደርስ ገለባ ጎኑ ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። ተኝቶ አድሯል ማለት ነው።

ቅዳሜ ነገ ነው። የኮቴ መጥረጊያዋን ከሣጥኑ ሥር አግኝቼዋለሁ፤ ኮርቻውን ስትወስድ ረስታው ነው፣ ወይም አልረሳችውም። አጥቤ መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ።