ዎላስተን ፕሪዝም ለስኳር ፖላሪሜትር፦ የሽብልቁ ማዕዘን ስንት ይሁን? ካልሳይት ወይስ ኳርትዝ?

ጨረር_ለካ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተማሪያ ላብራቶሪ የሚሆን የስኳር ፖላሪሜትር (የስኳር መፍትሔ የብርሃንን ፖላራይዜሽን፣ ማለትም ሞገዱ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ፣ ምን ያህል እንደሚያሽከረክር የሚለካ መሣሪያ) እየነደፍኩ ነው። ፖላራይዘር እያሽከረከሩ ጨለማውን ነጥብ በዓይን መፈለግ አልፈልግም፤ ሐሳቤ በስኳሩ መፍትሔ ያለፈውን ጨረር በዎላስተን ፕሪዝም (ሁለት የክሪስታል ሽብልቆች ተጣብቀው የሚሠሩት) እንደ ፖላራይዜሽኑ ለሁለት ከፍሎ በሁለት ፎቶዳዮድ መለካት ነው።

ያለኝ 632.8 ናኖሜትር ሂሊየም-ኒዮን ሌዘር፣ ወደ 3 ሚሊሜትር ስፋት የተዘረጋ ትይዩ ጨረርና የ200 ሚሊሜትር ቱቦ ነው። ፎቶዳዮዶቹ መሃል ለመሃል በ25 ሚሊሜትር ተራርቀው ሰሌዳ ላይ ተበይደዋል። ከፕሪዝሙ እስከ ሰሌዳው ያለኝ ቦታ 250 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

የሽብልቁ ማዕዘን እንዴት ይሰላል? ካልሳይት ለስላሳ ነው፣ ቶሎ ይጫራል ስለሚባል በኳርትዝ ብሠራው ምን አጣለሁ? ሽብልቆቹን አስቆርጬ ራሴ ላጣብቃቸው ስለማስብ፣ ሥራው የት ላይ እንደሚበላሽም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ሰያፍ_ገጽ

ኳርትዝን ከወዲሁ እንተወው። በ632.8 ናኖሜትር የኳርትዝ የስብረት ኢንዴክስ ለኦ-ጨረር (ፖላራይዜሽኑ ለክሪስታሉ ዘንግ ቀጥ ያለ) 1.5426፣ ለኢ-ጨረር (ከዘንጉ ጋር ትይዩ የሆነ) 1.5517 ነው፤ ልዩነቱ 0.0091። ካልሳይት ግን 1.6557 እና 1.4852 ነው፤ ልዩነቱ 0.1705። ወደ 19 እጥፍ ማለት ነው። ኳርትዙን በ45 ዲግሪ ብታስቆርጠው እንኳ ጨረሮቹ የሚለያዩት በ1 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 250 ሚሊሜትር ላይ ሲደርሱ ርቀታቸው 4.5 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ለአንተ ሰሌዳ አይበቃም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ሽብልቆች በሰያፍ ገጻቸው ይጣበቃሉ። የሁለቱም የክሪስታል ዘንግ ከውጭው ገጽ ጋር ትይዩ ነው፣ እርስ በርስ ግን በ90 ዲግሪ ይቋረጣሉ። በመጀመሪያው ሽብልቅ ኦ የነበረው ጨረር በሁለተኛው ኢ ይሆናል፤ ኢ የነበረውም ኦ ይሆናል። ሰያፉ ላይ አንዱ ከትልቅ ኢንዴክስ ወደ ትንሽ፣ ሌላው ከትንሽ ወደ ትልቅ ስለሚሻገር በተቃራኒ አቅጣጫ ይታጠፋሉ። ለመጀመሪያ ግምት ይህ ቀመር ይበቃል፦

በጨረሮቹ መካከል ያለው ማዕዘን (በራዲያን) = 2 × የኢንዴክሶቹ ልዩነት × የሽብልቁ ማዕዘን ታንጀንት

አንተ የምትፈልገው 25 ለ250፣ ማለትም 0.1 ራዲያን ነው። 0.1 ሲካፈል ለ0.341 0.293 ይሆናል፤ ይህ የ16.3 ዲግሪ ታንጀንት ነው።

በስብረት ሕግ ደረጃ በደረጃ ስናረጋግጠው፣ ከኦ ወደ ኢ የሚሻገረው ጨረር ሰያፉን በ18.23 ዲግሪ ያልፍና ወደ አየር ሲወጣ 2.87 ዲግሪ ይታጠፋል። ሌላው በ14.58 ዲግሪ ያልፍና 2.85 ዲግሪ ይታጠፋል። ድምሩ 5.72 ዲግሪ ነው፣ ሰሌዳው ላይ 24.97 ሚሊሜትር። ሁለቱ እኩል እንዳልሆኑ ልብ በል፤ አንዱ ከመሃል 12.55፣ ሌላው 12.42 ሚሊሜትር ላይ ያርፋል። ፎቶዳዮድህ ጠባብ ከሆነ ሰሌዳውን ወደ ጎን የምታንሸራትትበት ብሎን ተውለት።

ውፍረቱን ደግሞ በ12 ሚሊሜትር ስፋት ብናስብ፣ በሰያፉ ምክንያት የሚመጣው የውፍረት ልዩነት 12 × 0.2924 = 3.5 ሚሊሜትር ነው። የእያንዳንዱን ሽብልቅ ቀጭን ጫፍ ቢያንስ 1.5 ሚሊሜትር አድርገው፤ በቢላ አፍ የሚያልቅ የካልሳይት ሽብልቅ ገና ሲለሰልስ ይሸራረፋል። ጠቅላላው 6.5 ሚሊሜትር ይሆናል። የ3 ሚሊሜትር ጨረሮችህ ከፕሪዝሙ 30 ሚሊሜትር ያህል ርቀው ሙሉ በሙሉ ይለያያሉ፤ ከዚያ በፊት ምንም ነገር አትትከል።

ለአንተ ሥራ ዎላስተንን የምመርጥበት ዋናው ምክንያት ይኸው፦ ያልተለበሰ ካልሳይት ገጽ ከኦ-ጨረር 6.1 በመቶ፣ ከኢ-ጨረር 3.8 በመቶ ያንጸባርቃል። ሌላ ፕሪዝም ቢሆን ይህ ልዩነት ቀጥታ ልኬትህ ውስጥ ይገባል። እዚህ ግን እያንዳንዱ ጨረር አንዴ ኦ፣ አንዴ ኢ ሆኖ ስለሚያልፍ ሁለቱም 90 በመቶ ገደማ ይዘው ይወጣሉ፤ ሚዛኑ ያለ ኮቲንግ ይጠበቃል።

ነጭ ኤልኢዲ ልጠቀም እንዳትል ብቻ። የካልሳይት የኢንዴክስ ልዩነት በ486 ናኖሜትር 0.1771፣ በ656 ደግሞ 0.1698 ስለሆነ እያንዳንዱ ነጥብ ሰሌዳህ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ይለጠጣል። ስኳሩ ራሱም በየቀለሙ የሚያሽከረክረው ይለያያል።

ዝፍትና_ዱቄት

ስሌቱ ላይ የምጨምረው የለኝም። ሥራው የሚበላሸው ክሪስታሉና ማጣበቂያው ላይ ነው።

መጀመሪያ ዘንጉን ማግኘት። ካልሳይት ሲሰነጠቅ ገጾቹ 101 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ እና 78 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ የሆኑ ማዕዘኖች ይኖሯቸዋል። ሦስት ሰፋፊ ማዕዘኖች የሚገናኙበትን ዱልዱም ጥግ ፈልግ፤ ዘንጉ ከዚያ ተነስተው ከሚወጡት ሦስት ጠርዞች ጋር እኩል ማዕዘን እየሠራ ይሄዳል፣ ከተሰነጠቀው ገጽ ጋር ደግሞ 45.4 ዲግሪ ይሠራል። ቆራጩ በዚህ ብቻ እንዲተማመን አትፍቀድለት። ለዘንጉ ቀጥ ያለ ትንሽ መስኮት አስለስለህ በተቋረጡ ሁለት ፖላራይዘሮች መካከል በሌንስ በተሰበሰበ ብርሃን እየው፤ ጥቁር መስቀልና ቀለበቶች ይታዩሃል። ናሙናውን ስታዞረው የመስቀሉ መሃል ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ገጹ አዘንብሏል ማለት ነው። ሽብልቆቹ ከዚህ ገጽ ተለክተው ይቆረጡ።

ማለስለሱ ከመስታወት ይለያል። ጥንካሬው በሞህስ ሚዛን 3 ነው፤ የኳርትዝ 7 ነው። ለመስታወት የለመዱትን ጫና ከተጠቀሙ ገጹ በስንጥቁ አቅጣጫ ይነቀላል። ለስላሳ ዝፍት፣ 0.3 ማይክሮሜትር የአሉሚና ዱቄት፣ ቀላል ክብደት፣ ብዙ ትዕግሥት። አልትራሳውንድ ማጠቢያ ውስጥ አታስገባው፤ የተደበቀ ስንጥቅ ካለ ይከፍተዋል። ማንኛውም አሲድ፣ ኮምጣጤም ቢሆን፣ ይበላዋል። አቧራውን በአየር አባርር፣ የቀረውን በአይሶፕሮፒል አልኮል አፍስስበት። በደረቅ ጨርቅ ግን በፍጹም።

አሁን ወደ ዋናው። ካልሳይት ሲሞቅ በዘንጉ አቅጣጫ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 25 ሚሊዮንኛ ያህል ይረዝማል፤ በዘንጉ ተሻጋሪ ግን ከ5 እስከ 6 ሚሊዮንኛ ያህል *ያጥራል*። በዎላስተን ደግሞ ሆን ብለህ ዘንጎቹን አቋርጠሃቸዋል። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ አንዱ ሽብልቅ ሲለጠጥ ሌላው ይሰበሰባል። 12 ሚሊሜትር የሆነ ገጽ 20 ዲግሪ ቢሞቅ ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ልዩነት 7 ማይክሮሜትር ያልፋል። በጠንካራ ኢፖክሲ ምድጃ ውስጥ ያጣበቁት ፕሪዝም ሲቀዘቅዝ ወይ ይላቀቃል፣ ወይ ክሪስታሉ ራሱ ይሰነጠቃል። ሳይሰነጠቅ ቢቀር እንኳ ውጥረቱ ፖላራይዜሽኑን ያዛባል።

ስለዚህ በክፍል ሙቀት በአልትራቫዮሌት የሚደርቅ ማጣበቂያ ተጠቀም። ኖርላንድ 61 የሚባለው ኢንዴክሱ 1.56 ነው፣ በካልሳይቱ ሁለት ኢንዴክሶች መካከል ስለሚወድቅ ሰያፉ ላይ በማጣበቂያው በእያንዳንዱ ገጽ የሚንጸባረቀው ከ0.1 በመቶ በታች ነው። ሙሉ ለመድረቅ በስኩዌር ሴንቲሜትር 3 ጁል ይፈልጋል፤ መብራትህ 10 ሚሊዋት የሚሰጥ ከሆነ 300 ሰከንድ።

ከማድረቅህ በፊት ግን ሌዘሩን በ45 ዲግሪ ፖላራይዝ አድርገህ አሳልፍበትና ግድግዳው ላይ ተመልከት። ሁለት ደማቅ ነጥቦችና መሃል ላይ ደብዛዛ ሦስተኛ ነጥብ ታያለህ። መሃለኛው የሚመጣው ዘንጎቹ ልክ 90 ዲግሪ ባለመሆናቸው ነው፤ ከኦ ወደ ኦ፣ ከኢ ወደ ኢ የሚያልፈው ብርሃን አይታጠፍም። መጠኑ የስህተቱ ሳይን ሲባዛ በራሱ ነው፦ 1 ዲግሪ ብትስት ከአሥር ሺህ 3 እጅ። አንዱን ሽብልቅ በቀስታ እያሽከረከርክ መሃለኛውን አጥፋው፣ ለጥቂት ሰከንድ አድርቅ፣ እንደገና አረጋግጥ፣ ከዚያ ጨርስ። ግማሽ ዲግሪ ስታሽከረክር የውጭው ገጽ 0.14 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል፣ ከዚያ በላይ ማሽከርከር ካስፈለገህ ሽብልቁን ወደ ቆራጩ መልሰው።

ያ ነጥብ ያስፈራል እንጂ ለልኬትህ ብዙም አይጎዳም፤ መሃል ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከፎቶዳዮዶቹ አንዱም ላይ አይደለም። ጥቁር ወረቀት ለጥፍበት።

ጨረር_ለካ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ስለ ሙቀቱ ፈጽሞ አላሰብኩም ነበር። አንድ ነገር ብቻ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ፣ ፖላራይዜሽን የሚከፍለው የመስታወት ኪዩብ አይቀልም? ሰሌዳውን በሁለት ቆርጬ አንዱን በ90 ዲግሪ መትከል እችላለሁ።

ስስ_ሽፋን

ይቀላል፣ ግን ሁለቱ መውጫዎቹ እኩል ንጹሕ አይደሉም። ኪዩቡ ውስጥ ሰያፉ ላይ ትልቅና ትንሽ ኢንዴክስ ያላቸው ስስ ሽፋኖች ይፈራረቃሉ። በእያንዳንዱ ድንበር ላይ ጨረሩ በብሩስተር ማዕዘን (ፒ-ፖላራይዜሽን በማይንጸባረቅበት ማዕዘን) እንዲመታ ይደረጋል፤ ፒ (ጨረሩ በሚገባበትና በሚንጸባረቅበት ወለል ውስጥ የሚርገበገበው) ያልፋል፣ ኤስ (ለዚያ ወለል ቀጥ ብሎ የሚርገበገበው) በየድንበሩ ጥቂት ጥቂት እየተንጸባረቀ ይደመራል። ማክኔል በ1946 የአሜሪካ ፓተንት ያገኘበት ንድፍ ነው።

መስታወቱን እንደፈለጉ መምረጥ አይቻልም። ዚንክ ሰልፋይድ (2.35) እና ማግኒዚየም ፍሎራይድ (1.38) ከተጠቀምክ፣ በ45 ዲግሪ ብሩስተር እንዲገጥም የመስታወቱ ኢንዴክስ 1.68 ገደማ መሆን አለበት፤ ኤስኤፍ5 የሚባለው የመስታወት ዓይነት ይቀርባል። በዚያ መስታወት ለ632.8 ናኖሜትር ዚንክ ሰልፋይዱ 78፣ ማግኒዚየም ፍሎራይዱ 220 ናኖሜትር ውፍረት ይኖራቸዋል። ቁጥሩ ከተለመደው ሩብ ሞገድ የሚበልጠው በሽፋኑ ውስጥ ጨረሩ ስለሚያዘነብል ነው፤ በማዕዘኑ ኮሳይን ማካፈል የረሳ ሰው ኪዩቡን ለሌላ ቀለም ሠርቶ ያገኘዋል። በተራው ቢኬ7 መስታወት እነዚሁ ሽፋኖች የሚገጥሙት በ51.7 ዲግሪ ነው፣ ያ ደግሞ ኪዩብ አይሆንም።

ለአንተ ዋናው ግን ይህ ነው፦ በሚያልፈው በኩል 1000 ለ1 (የሚፈለገው ፖላራይዜሽን ለማይፈለገው) የሚያወጣ የገበያ ኪዩብ፣ በሚንጸባረቀው በኩል ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 100 ለ1 ብቻ ነው፤ ትንሽ ፒ ሁልጊዜ ይንጸባረቃል። ከገዛኸው የሚንጸባረቀው መውጫ ላይ የፖላራይዘር ፊልም ጨምርበት፤ የፊልሙን ብክነት በኋላ በስሌት ታካክሳለህ። እኔ ብሆን በካልሳይቱ እጸና ነበር፤ ኪዩቡን ተማሪዎች የሚያወዳድሩት ሁለተኛ መሣሪያ አድርገው።

ሰያፍ_ገጽ

በስስ_ሽፋን እስማማለሁ። ፕሪዝሙ ካለቀ በኋላ ስላለው ጥቂት ልበል።

መግቢያው ላይ ፖላራይዘር የግድ ነው፤ ፖላራይዝድ ያልሆነ ሂሊየም-ኒዮን ቱቦ ሲሞቅ የሚወጣው ፖላራይዜሽን ይወዛወዛል። ፖላራይዘሩን ከፕሪዝሙ ዘንጎች በ45 ዲግሪ ካስቀመጥከው፣ የሁለቱ ምልክቶች ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል የ2 × ሽክርክሪት ሳይን ነው። የሌዘሩ መዋዠቅ ሲካፈል ይጠፋል።

በስኳር ፋብሪካው ሚዛን 26 ግራም ንጹሕ ስኳር በ100 ሚሊሊትር፣ በ200 ሚሊሜትር ቱቦና በ20 ዲግሪ ሙቀት 100 ነጥብ ነው፤ በ633 ናኖሜትር ይህ 29.75 ዲግሪ ሽክርክሪት ነው። እዚያ ላይ ሳይኑ ስለሚጎብጥ ንቃቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ወፍራም መፍትሔ ስትለካ የመግቢያውን ፖላራይዘር በታወቀ ማዕዘን ወደ ኋላ መልሰህ ሚዛኑን ወደ ዜሮ አቅርበው።

የፎቶዳዮዶቹ ማጉያ በ1 በመቶ ብቻ ቢለያይ 0.14 ዲግሪ የሐሰት ሽክርክሪት ይሰጥሃል፣ በዚያ ሚዛን ወደ ግማሽ ነጥብ። ቱቦው ባዶ እያለ ፖላራይዘሩን አዙርና አንዱ ላይ ሙሉ፣ ከዚያ ሌላው ላይ ሙሉ ብርሃን ስታደርስ ያነበብካቸውን ከፍተኛ ቁጥሮች አካፍል፤ ማስተካከያህ እሱ ነው። የቱቦውን ክዳን ደግሞ አታጥብቀው፤ የተጨነቀ የመስታወት መስኮት ራሱ ድርብ ስብረት ያመጣና ዜሮህ በየመፍትሔው ይቀያየራል። ሌዘሩን ጋርደህ ያነበብከውን የጨለማ ምልክት ከሁለቱም የምትቀንሰው ከማካፈልህ በፊት ነው።