4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር እንዳልሆነ ያለ ኮምፒዩተር እንዴት ተደረሰበት?

ጠያቂ፦
ነገሩ የጀመረው በጨዋታ ነው። 3ን ያዙ። አንድ ቀንሱ፣ የቀረውን በራሱ አባዙ፣ አንድ ደምሩ፤ 5 ይሆናል። እንዲሁ ስትቀጥሉ 17፣ 257፣ 65,537 ይመጣሉ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ1640ዎቹ የቀሩትም ሁሉ እንደዚሁ ናቸው ብሎ አምኖ ነበር።

ስድስተኛውን በራሴ ፕሮግራም ላስላ ብዬ 1 ወጣልኝ። አንድ! ኮዴን ስበረብር አደርኩ። ለካ በ32 ቢት (በ32 የ0 እና 1 ቦታዎች) የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው። ሞልቶ ፈሶ ከዜሮ ጀምሯል። ወደ 64 ቢት ስቀይረው ትክክለኛው፣ 4,294,967,297፣ መጣ።

የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ይህ ቁጥር ለ641 እንደሚካፈል በ1732 አሳይቷል። ግን አካፋይ የሚፈለገው እስከ ቁጥሩ ስኩዌር ሩት፣ እስከ 65,536 ድረስ ነው፤ እዚያ ውስጥ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ሰውዬው ይህን ሁሉ በእጁ ሊሞክር ነው እንዴ?

መልስ 1፦
ኧረ አያስፈልግም። ኦይለር ያረጋገጠው አንድ ሕግ አለ። ይህን ቁጥር የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ሁሉ አንድ ሲቀነስለት ያለ ቀሪ ለ64 መካፈል አለበት። ስለዚህ 65፣ 129፣ 193 እያልክ በ64 ትዘላለህ። ከእነዚህ ውስጥ ብቸኛ የሆኑትን ብቻ ያዝ፤ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641። አምስተኛው ላይ ተያዘ ማለት ነው።

መልስ 2፦
ወንድሜ፣ አሥር አሃዙን ቁጥር ራሱን ማካፈልም የለብህም። ወረቀት አምጣ። 65,536ን ለ641 ስታካፍል 154 ይቀራል። ያንተ ቁጥር 65,536 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲደመርበት ስለሆነ፣ ቀሪውን ብቻ በራሱ ማባዛት ይበቃል። 154 × 154 = 23,716። አሁን 641 × 37ን እየው፤ 23,717። አንድ ብቻ ጎደለች! እሷን ደግሞ መጨረሻ ላይ የምትደመረው 1 ትሞላታለች። በቃ፣ ቀሪ የለም።

መልስ 3፦
ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ በ1878 ሕጉን አጥብቆታል፤ 64 የነበረው 128 ሆነ። በዚያ ከሄድክ የሚቀሩህ 257 እና 641 ናቸው። 257ም ይውጣ፤ እሱ ራሱ 3፣ 5፣ 17 ከሚለው ዝርዝርህ ውስጥ ስለሆነ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጡት ለእሱ ሲካፈሉ ሁልጊዜ 2 ይተርፋል። በመጀመሪያው ሙከራ 641 ላይ ታርፋለህ።

ጠያቂ፦
የ154ቱን በእስክሪብቶ ሠራሁት። ያቺ የጎደለች አንድ ገደለችኝ! ሌላኛውን አካፋይ 6,700,417ንም ፈተሽኩት። አንድ ቀንሼ ለ64 ሳካፍለው ልክ 104,694 ወጣ።

ከዚያ ጎበዝ ነኝ ብዬ ሰባተኛውን፣ ባለ 20 አሃዙን፣ በዚያው ኮድ አሰላሁት። 64 ቢትም ሞልቶ ፈሰሰ። መልሱ 1 ነው።