አረቄና ጠጅ ይዞ ውጭ አገር መግባት ይቻላል? መንገዱ ነገ ነው፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልን

የቦሩ ሜዳ ልጅ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ነገ ጠዋት ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ፣ ማታውኑ ደግሞ ወደ እህቴ ትበራለች። ለሠርጉ ብላ ሁለት ሊትር ዳግም አረቄ በውሃ ፕላስቲክ፣ ሦስት ሊትር ጠጅ ደግሞ በጀሪካን አዘጋጅታ ሻንጣውን ከዘጋን በኋላ፣ ከጅዳ የተመለሰች የአክስታችን ልጅ «ጉምሩክ ላይ ከተገኘብሽ ትታሰሪያለሽ» ብላ ስላስፈራራቻት ዕቃውን በሙሉ አውጥታዋለች። ይዛ መሄድ ትችላለች ወይስ አትችልም?

ጦሳ ሥር
ወንድሜ፣ ሠርጉ የት አገር እንደሆነ አልጻፍክም፤ መልሱ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። የአክስትህ ልጅ የተናገረችው ለሳዑዲ አረቢያ ትክክል ነው፤ በዚያ አገር መንገደኛ አንዲት ጠርሙስ እንኳ ማስገባት አይፈቀድለትም፣ ቅጣቱም ከባድ ነው፤ ኩዌትም እንደዚሁ ትከለክላለች። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገባ መንገደኛ ግን ከ22 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ 1 ሊትር ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ እንግሊዝ ደግሞ ለአንድ አዋቂ እስከ 4 ሊትር ትፈቅዳለች።

የቦሩ ሜዳ ልጅ
ይቅርታ፣ አሜሪካ ነው። ዋሽንግተን ወርዳ ወደ ሲያትል የምትሄድ ናት።

ሐይቅ ዳር
ልጄ፣ እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ እናትህ ምንም ነገር እንዳይደብቁ ንገራቸው። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው መንገደኛ ለራሱ መጠቀሚያ 1 ሊትር መጠጥ ያለ ቀረጥ ይዞ አሜሪካ ይገባል። ከዚያ በላይ የያዘውም በመግቢያው በኩል ያለው ግዛት ሕግ እስከፈቀደ ድረስ ቀረጥና ግብር ከፍሎ ያሳልፋል እንጂ በመያዙ ብቻ ወንጀለኛ አይባልም። ጣጣ የሚያመጣው ሳያስመዘግቡ ማለፍ ነው፤ ያን ጊዜ ዕቃው ይወረሳል፣ መቀጫም ይከተላል። አዛውንት እናት በማያውቁት ቋንቋ ሲጠየቁ ደንግጠው «ምንም አልያዝኩም» እንዳይሉ፣ የያዙትን መጠጥ ዓይነትና መጠን በእንግሊዝኛ በወረቀት ጽፈህ ከፓስፖርታቸው ጋር አድርግላቸው።

ፒያሳ ደሴ
አረቄውን በላስቲክ ደጋግማችሁ ጠቅልላችሁ ልብስ መሀል ክተቱት፤ ምንም አይሆንም። ካልተፈቀደ ደግሞ ጠጁን የምረከብ እኔ ኮምቦልቻ አለሁ!

ቦርከና ማዶ
ጥያቄው ራሱ የተነሣው ከተሳሳተ ቦታ ይመስለኛል። ይህን አረቄ የሚያስቀረው የአሜሪካ ጉምሩክ ሳይሆን የአውሮፕላን ጭነት ደንብ ነው፤ ስለዚህ ዕቃው ዋሽንግተን ሳይደርስ እዚሁ ሊቀር ይችላል። በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር የሚፈቀደው፣ ለችርቻሮ እንደቀረበ በመጀመሪያ ማሸጊያው ሳለ ብቻ ነው። ከ70 በመቶ በላይ የሆነውማ ከናካቴው አይጫንም። የቤት ዳግም አረቄ እሳት የሚይዝ ጠንካራ መጠጥ ነው፤ በውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ የአልኮል መጠኑ ያልተጻፈበትን አረቄ ፈታሹ በምን ይለካዋል? ወንድማችን ፒያሳ ደሴ በላስቲክ ቢጠቀልለውም ፈሳሹ እንዳይፈስ ይረዳ ይሆናል እንጂ ይህን ጉድለት አይሞላውም። እናትየው ባዶ እጃቸውን እንዳይሄዱ ከፈለጋችሁ የፋብሪካ አረቄ ከነማሸጊያው ግዙላቸው።

የቦሩ ሜዳ ልጅ
እናቴ ግን በእጇ ያወጣችውን ነው መውሰድ የምትፈልገው። በእጅ ሻንጣ ብትይዘውስ?

ፒያሳ ደሴ
እኔ አሁንም በደንብ ይጠቅለል ነው የምለው።

ላኮመንዛ
በእጅ ሻንጣ በፍጹም አይሞከርም፤ ፍተሻው ላይ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ የተያዘ ፈሳሽ አያልፍም። ጠጁን በሚመለከት ግን ተስፋ አለ፤ አልኮሉ ከ24 በመቶ በታች ስለሆነ የጭነት ደንቡ በመጠን አይገድበውም። ጀሪካኑን ግን ተዉት፤ ጠጅ ገና እየፈላ ከሆነ ጋዙ ክዳኑን ይገፋዋል፣ ሻንጣውም ውስጥ ያለው የሠርግ ቀሚስ ሁሉ ይበላሻል። መፍላቱን የጨረሰውን አጥልላችሁ፣ አንድ ሊትር ብቻ በጠንካራ ጠርሙስ አድርጋችሁ በሚጫነው ሻንጣ ክተቱት። የአሜሪካው 1 ሊትር ጠጁም አረቄውም ተደምሮ መሆኑን አትርሱ፤ የፋብሪካ አረቄ ከጨመራችሁ በትርፉ ቀረጥ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ቦሌ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ የሚገዛ ካለም፣ ሻጩ ያሸገው ከረጢት እንዳይከፈት፣ ደረሰኙም እንዳይጠፋ። ዋሽንግተን ላይ ሻንጣቸውን ተቀብለው ጉምሩክ ካለፉ በኋላ፣ ወደ ሲያትል እንደገና ከማስረከባቸው በፊት ጠርሙሱን ሻንጣው ውስጥ ቢያስገቡት፣ በሚቀጥለው ፍተሻ ከመከራከር ይድናሉ።

ቦርከና ማዶ
ለመሆኑ እስከ ሲያትል ያለው በአንድ ትኬት ነው ወይስ በሁለት? የተለያየ ትኬት ከሆነ የሻንጣ ክብደት ገደቡም ሊለያይ ስለሚችል፣ ዛሬ ማታውኑ ሁለቱንም አይታችሁ ሻንጣውን እንደገና መዝኑት።