ጠዋት መንፈስ የሚያነቃ ፕሌይሊስት እንዴት ይደረደራል?

ብርቱካን
ሰላም ለሁላችሁ። ጠዋት ከአልጋ ከመነሳት ጀምሮ ሥራ እስክገባ የሚያጅበኝ፣ 40 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፕሌይሊስት መሥራት እፈልጋለሁ። የዘፈን ስም እንድትጠቁሙኝ አይደለም፤ የምወዳቸው ሞልተዋል። የቸገረኝ አደራደሩ ነው። ደስ የሚሉትን ሁሉ አንድ ላይ ሳደርጋቸው ሦስተኛው ላይ ይሰለቸኛል። አንዳንዱ ደግሞ ምቱ እያስጨፈረ ሆድ ያስብሳል። ድምፁም አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው አይሰማም። ስንት ዘፈን ይበቃል? በምን ዓይነቱ ልጀምር? ስልኬ አንድሮይድ ነው፤ ግማሾቹ ዩቲዩብ ላይ፣ ግማሾቹ ስልኬ ላይ በፋይል ያሉ ናቸው።

ክራር ቃኚ
ሆድ ስለሚያስብሱት ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እሱን ነው። የአማርኛ ዘፈን ምቱና ግጥሙ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ይሄዳሉ። ችክችካው ትከሻ እያስመታ ግጥሙ ስለ መለየት፣ ስለ ስደት፣ ስለ ቀረ ፍቅር ያወራል። ሰርግ ቤት ጭብጨባው ስለሚውጠው ማንም ልብ አይለውም። ጠዋት ለብቻሽ በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሚው ግን ቃሉ ቀድሞ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱን ከመክተትሽ በፊት አዝማቹን ያለ ዜማ፣ እንደ ንግግር በይው። "ሄድክ"፣ "ቀረህ"፣ "ናፈቅከኝ" ላይ የሚያርፍ ከሆነ የፈለገውን ያህል ቢያስጨፍር ለማታ ይቆይ። የተፈጥሮ፣ የሥራ፣ የምስጋና፣ የበዓልና አዲስ የተጀመረ ፍቅር ግጥሞች ለጠዋት ይስማማሉ።

ቅኝቱንም፣ ማለትም ዜማው የሚሠራባቸውን አምስት ድምፆች አሰላለፍ፣ አድምጪ። ትዝታ ሁለት መልክ አለው። ሜጀሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሲሆን ብሩህ ነው። ማይነሩ ላይ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስለሚሉ ጥላ ያጠላበታል። አምባሰል ሁለተኛው ድምፁ ከመነሻው በግማሽ ብቻ ስለሚርቅ ጆሮን ወጥሮ ይይዛል፤ ውበቱም እሱ ነው፤ ግን ሁለት አምባሰል አታከታትይ። ቅኝት ብቻውን ስሜትን አይወስንም። ትዝታ ሜጀር ላይ ተሠርቶ እስክስታ የሚያስወርድ ስንት አለ! ግጥሙ ካለፈ በኋላ ግን ሁለት ዘፈን እኩል ሲሆንብሽ በቅኝቱ ምረጪ።

ምት ቆጣሪ
የኛ ዘፈን በአብዛኛው አምስት ስድስት ደቂቃ ስለሚሄድ፣ 40 ደቂቃ ማለት 7 ወይም 8 ዘፈን ነው። ከዚያ በላይ ካከልሽ መጨረሻዎቹን መቼም አትደርሺባቸውም።

ሦስተኛው ላይ የሚሰለችሽ ሁሉም በአንድ ፍጥነት ስለሚሄዱ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ ፍጥነታቸውን ለኪ። እግርሽ መሬት የሚመታበትን ለ15 ሰከንድ ቁጠሪና በ4 አባዢ፤ የደቂቃው ምት ይወጣል። ምት የሚለኩ አፖችን ለችክችካ አትመኛቸው። ችክችካ በስድስት ተቆጥሮ በሁለት ስለሚረገጥ፣ በእግር 100 የሚወጣውን 150 ብለው ሊያነቡት ይችላሉ። ያንን አምነሽ ከፈጣኖቹ መሃል ብታስገቢው ዝርዝሩ እዚያ ላይ ድንገት ይወድቃል።

አደራደሩ ላይ በሙዚቃ ሕክምና "አይሶ መርህ" የሚባለውን ተከተይ። አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው የአእምሮ ሐኪም አይራ አልትሹለር እ.ኤ.አ. በ1948 የጻፈበት ነው። መጀመሪያ ሰውየው ካለበት ስሜት ጋር የሚመሳሰል ሙዚቃ ይሰማል፤ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ወደሚፈለገው ስሜት ይወሰዳል። ከፍቶሽ ከተነሳሽ በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ የጉራግኛ ጭፈራ ቢለቀቅብሽ ከማነቃቃት ይልቅ ያናድድሻል።

ለ8 ዘፈን እንዲህ ይሁን፦ 1ኛና 2ኛ ከ60 እስከ 75 ምት፣ ዋሽንት ወይም ክራር የሚመራቸው፣ ቢቻል ቃል የሌላቸው። 3ኛና 4ኛ ከ80 እስከ 95፤ በሬጌ ስልት የተሠሩ የአማርኛ ዘፈኖች እዚህ ጋ ልክ ይገባሉ። ከ5ኛ እስከ 7ኛ ከ100 ወደ 125 እየወጣ፣ ጉራግኛው 7ኛ ላይ። 8ኛው ወደ 100 ወረድ ብሎ ሥራ ቦታ ረጋ ብለሽ እንድትገቢ ያድርግ። በሁለት ጎረቤት ዘፈኖች መካከል ያለው ልዩነት ከ15 ምት ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከ7ኛ ወደ 8ኛው ብቻ ሰፋ ቢል ችግር የለውም።

በእግር የምትሄጂ ከሆነ ቶሎ ቶሎ የሚራመድ ሰው እርምጃ በደቂቃ ከ110 እስከ 120 አካባቢ ስለሆነ 6ኛውን እዚያ ላይ አሳርፊው። የትግርኛ ጓይላ በአምስት ስለሚቆጠር ከሁለት እግር ጋር አይገጥምም፤ ቤት ውስጥ ስትለባብሺ ግን ግሩም ነው።

ሰባት ሰዓት
በምት ቆጣሪ ሐሳብ አንድ ነገር ላይ አልስማማም። አይሶ የሚሠራው ከፍቶሽ ከተነሳሽ ነው። የያዘሽ እንቅልፍ ብቻ ከሆነ በ60 የሚሄድ ዋሽንት መልሶ ያስተኛሻል። ሁለት ዝርዝር አድርጊው፦ አንዱ ሙሉው፣ ሌላው ከ3ኛው የሚጀምር። የጎደለውን 10 ደቂቃ ጭብጨባና ተቀባይ ባላቸው ዘፈኖች ሙዪው። አውጪው ብሎ ተቀባዩ ሲመልስ አፍ ሳይታዘዝ አብሮ ይዘፍናል፤ እንቅልፍን የሚያባርር እንደሱ ያለ የለም።

ድምፅ ክፍል
የድምፁ ነገር። ከካሴት የተገለበጡ የድሮ ዘፈኖች ዝግ ብለው ነው የተቀረጹት፤ የአሁኖቹ እስከ ጣሪያው ተጨምቀዋል። ዩቲዩብ በጣም የሚጮኸውን ዝቅ ያደርጋል፣ ዝግ ያለውን ግን ከፍ አያደርግም። ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ ኤምፒስሪጌይን በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አስተካክያቸው። 89 ዴሲቤል ብሎ የሚጀምርበትን አትንኪ፤ ከፍ ካደረግሽው ድምፁ መሰነጣጠቅ ይጀምራል።

ግማሹን ዩቲዩብ፣ ግማሹን ፋይል ማድረግ አያስኬድም። ነፃው ዩቲዩብ ስክሪኑ ሲጠፋ ይቆማል፣ ፋይልም አብሮ አያሰልፍም። ወይ የጎደሉትን ገዝተሽ ሁሉንም ፋይል አድርጊ፣ ወይ ማውረድ የሚፈቅድ የክፍያ አፕ ላይ ሰብስቢ። በ128 ኪሎቢት ጥራት አንድ ደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ስለሚወስድ 40 ደቂቃው 40 ሜጋባይት ነው። ዋይፋይ ባለበት አንዴ ካወረድሽ በየጠዋቱ ጥቅል አይበላብሽም። ዩቲዩብ ላይ ከቀረሽ የክሊፑን ሳይሆን የድምፅ ብቻ ቅጂውን ምረጪ፤ ክሊፖቹ መግቢያቸው ላይ ድራማ ስላለባቸው የተሠራው አወጣጥ ይቆረጣል።

የፋይሎቹን ስም 01፣ 02፣ 03 ብለሽ ጀምሪ። 1፣ 2 ካልሽ ብዙ ማጫወቻ 10ኛውን ከ2ኛው ያስቀድማል። በፍላሽ የምታጫውቺ ከሆነ ደግሞ አንዳንድ ቴፖች በስም ሳይሆን በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ስለሚያነቡ፣ አንድ በአንድ እየቆጠርሽ ገልብጪ።

ዘፈን ከዘፈን የሚያደራርበውን ማስተካከያ 2 ሰከንድ ላይ አድርጊው ወይም አጥፊው። የማሲንቆውን መግቢያ ይበላዋል፤ ችክችካ ባለ አራት ምት ዘፈን ላይ ሲደረብም ጆሮ ይረብሻል። ማቀላቀያውን (ሻፍል) አጥፊ፣ አለበለዚያ የደረደርሽው ሁሉ ከንቱ ነው። አውቶፕለይንም አጥፊ፤ ዝርዝሩ ሲያልቅ አፑ ራሱ የመረጠውን ዝግ ያለ ትዝታ ያመጣብሻል።

ታክሲ ውስጥ ጫጫታውን ለማሸነፍ ድምፅ አትጨምሪ። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይፈቅዳል፤ 90 ላይ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ ገጥሞ የሚዘጋ የጎማ ጫፍ ያለው ማዳመጫ ያዢ።

ብርቱካን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። በየስንት ጊዜው ልቀይረው? ዐቢይ ጾም ሲገባስ ዘፈን አልሰማም፤ ያኔ ምን ይሻላል?

ክራር ቃኚ
በሳምንት ሁለቱን ብቻ ቀይሪ፤ ሙሉውን አንዴ ካፈረስሽው የለመድሽው አወጣጥ ይጠፋል። በቦታው የሚገባው ፍጥነቱ ከወጣው ጋር የሚቀራረብ ይሁን። የወጣውን አታጥፊው፤ ሌላ ዝርዝር ውስጥ አስቀምጪና ከሁለት ወር በኋላ መልሺው። 7ኛውን ግን እስኪሰለችሽ አትንኪው፣ ጆሮ የሚጠብቀው እሱን ነው።

ለጾሙ ለብቻው የመዝሙር ዝርዝር ሥሪ፤ ዘፈንና መዝሙር አንድ ላይ አይደባለቁ። በ55ቱ ቀን ቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ስለምታሳርፍ በምት ከፍ ማድረጉን ተይው። በበገና ጀምሪ፣ በአንድ ሰው ድምፅ ወደሚዘመር እለፊ፣ መጨረሻው ላይ ብዙ ሰው በኅብረት የሚዘምረውን አምጪ። ከፍታውን የሚሰጥሽ የድምፁ ብዛት ነው። ከበሮ ያለባቸውን ለትንሣኤ አቆያቸው።

ሰባት ሰዓት
አንድ ልጨምር፦ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱንም የማንቂያ ደወል አታድርጊው። በሳምንቱ ዘፈኑን ትጠዪዋለሽ። ለደወሉ ስልኩ ይዞት የመጣውን ተጠቀሚ።