የሀስኬል ፕሮጀክት ተርሚናል ላይ ይሠራል፣ ኤዲተሩ ግን ሁሉንም በቀይ ያሰምራል

ላምዳ_ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሊኑክስ ላይ ቪኤስ ኮድን ከሀስኬል ኤክስቴንሽን ጋር ነው የምጠቀመው። ፕሮጀክቱ የስታክ (የሀስኬል ፕሮጀክት መገንቢያ መሣሪያ) ነው፣ ሪዞልቨሩ (የኮምፓይለሩንና የላይብረሪዎቹን ቨርዥን የሚወስነው ስብስብ) ኤልቲኤስ 21.25፣ ማለትም ጂኤችሲ (የሀስኬል ኮምፓይለር) 9.4.8። «ስታክ ቢልድ» ያለ ምንም ችግር ያልቃል። ኤዲተሩ ውስጥ ግን ፋይል እንደተከፈተ የመጀመሪያው የኢምፖርት መስመር ይቀላል፣ ታይፕ አይታይም፣ ኮምፕሊሽንም የለም። ሎጉ ላይ የጂኤችሲ ኤቢአይ (የተገነቡ ኮዶች እርስ በርስ የሚጣጣሙበት ደንብ) አይገጥምም የሚል መልእክት አለ። ኤክስቴንሽኑን አጥፍቶ እንደገና መጫን ምንም አልለወጠም። ማሽኑ ላይ በጂኤችሲአፕ (የሀስኬል መሣሪያዎች መጫኛ) የተጫነ 9.4.8 አለ፣ ስታክም የራሱን 9.4.8 አውርዷል። ቁጥራቸው አንድ ከሆነ ለምን ይጣላሉ? ደግሞ አዲስ ሞጁል ስጨምር ሰርቨሩ እንዲያውቀው ምን ማድረግ አለብኝ?

ዕንቁ_ኮድ፦
የቁጥሩ መመሳሰል ብቻ አይበቃም። ለኤዲተሩ ታይፕና ኮምፕሊሽን የሚያቀርበው የሀስኬል ላንጉጅ ሰርቨር (ከዚህ በኋላ ኤችኤልኤስ ልበለው) ኮምፓይለሩን ከውጭ ጠርቶ ውጤቱን የሚያነብ ፕሮግራም አይደለም፤ ጂኤችሲን እንደ ላይብረሪ በውስጡ ይዞ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የተገነባበት ጂኤችሲና ፕሮጀክትህን የሚገነባው ጂኤችሲ እስከ ቤዝ ላይብረሪው ድረስ አንድ መሆን አለባቸው። ስታክ የሚያወርደው 9.4.8 እና ጂኤችሲአፕ የሚያወርደው 9.4.8 ከተለያየ ግንባታ ሊመጡ ይችላሉ። ሎጉ የነገረህ ይህንኑ ነው።

መፍትሔው ስታክ የጂኤችሲአፕን ኮምፓይለር እንዲጠቀም ማድረግ ነው። ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ፦ በሆም ፎልደርህ ካለው «.ስታክ» ውስጥ የኮንፊግ ያምል ፋይሉን ክፈትና «ሲስተም-ጂኤችሲ»ን ትሩ፣ «ኢንስቶል-ጂኤችሲ»ን ፎልስ አድርግ። ከዚያ «ጂኤችሲአፕ ሴት ጂኤችሲ 9.4.8» በል። ጉድለቱ፣ ሌላ ሪዞልቨር ያለው ፕሮጀክት በከፈትህ ቁጥር ሴት ማድረጉን ትደግማለህ።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን፣ ሁኩን (ስታክ ጂኤችሲ ሲፈልግ የሚጠራውን ስክሪፕት) ነው። ጂኤችሲአፕ ለስታክ ያዘጋጀው አጭር ስክሪፕት አለ፤ «.ስታክ» ውስጥ «ሁክስ» የሚል ፎልደር ፈጥረህ «ጂኤችሲ-ኢንስቶል.ኤስኤች» በሚል ስም አስቀምጠውና ኤክስኪውተብል አድርገው። በዚህኛው መንገድ ሁለቱ ሴቲንጎች ከላይ ካልኩት ተቃራኒ ናቸው፦ ሲስተም-ጂኤችሲ ፎልስ፣ ኢንስቶል-ጂኤችሲ ትሩ። ሁለቱን መንገድ የሚያደባልቁ ብዙ ናቸው፤ ያኔ ሁኩ ጭራሽ አይጠራም።

ካስተካከልክ በኋላ መጀመሪያ «ስታክ ቢልድ»፣ ቀጥሎ በሆም ፎልደር «.ካሽ» ውስጥ ያሉትን «ጂኤችሲአይዲኢ» እና «ኤችአይኢ-ባዮስ» የሚባሉ ፎልደሮች አጥፋ፣ በመጨረሻ ኤዲተሩ ላይ የሀስኬል ሰርቨር ሪስታርት ትእዛዙን ስጥ።

ክንፍ፦
ዕንቁ ያለው ትክክል ነው። ግን ማንኛውንም ሴቲንግ ከመነካካት በፊት ችግሩ የኤዲተሩ ይሁን የሰርቨሩ ለይ። ተርሚናል ላይ ወደ ፕሮጀክቱ ሩት ገብተህ የኤችኤልኤስ ራፐሩን (ለፕሮጀክቱ የሚስማማውን ኤችኤልኤስ መርጦ የሚያስነሳውን ፕሮግራም) ያለ ምንም አርጊዩመንት አስነሳው። የትኛውን ጂኤችሲ እንዳገኘ ይነግርሃል፣ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ታይፕቼክ ያደርጋል፣ መጨረሻ ላይ ስንት ፋይል እንደተሳካና ስንት እንደወደቀ ይቆጥርልሃል። እዚህ ላይ ከወደቀ ኤዲተሩን ተወው፤ ኤክስቴንሽን እየነቀሉ መትከል ጊዜ ማባከን ነው።

ተርሚናል ላይ ተሳክቶ ኤዲተሩ ውስጥ ብቻ ከወደቀ ግን ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ፎልደሩ ነው፦ የካባል (የፓኬጁ መግለጫ) ወይም የስታክ ፋይሉ ያለበትን ሩት ሳይሆን ከሱ በላይ ያለውን ከፍተህ ከሆነ ሰርቨሩ ፕሮጀክቱን ላያገኘው ይችላል። ሁለተኛው ፓዝ (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ነው። ከሜኑ የተከፈተ ኤዲተር የሼልህን ኮንፊግ ላያነብ ይችላል። ለማረጋገጥ ኤዲተሩን ከተርሚናሉ አስነሳው፤ በዚህ ከሠራ ችግሩ ፓዝ ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ሀስኬል፦ ማኔጅ ኤችኤልኤስ» የሚለውን «ጂኤችሲአፕ» ላይ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ይገላግላል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ «ጂኤችሲአፕ ሊስት» ስትል ከአንዳንዱ ጂኤችሲ ጎን «ኤችኤልኤስ-ፓወርድ» የሚል ጽሑፍ ታያለህ። ያ ጽሑፍ የሌለውን ቨርዥን ከመረጥክ የተጫነው ኤችኤልኤስ አይደግፈውም ማለት ነው። አዲስ ጂኤችሲ በወጣ ማግስት መዝለል የማልመክረው ለዚህ ነው።

ጥላ፦
ስለ ሞጁሉ፦ ፋይሉን ሶርስ ፎልደሩ ውስጥ መፍጠር ብቻ አይበቃም። የካባል ፋይሉ ላይ «አዘር-ሞጁልስ» ወይም «ኤክስፖዝድ-ሞጁልስ» ሥር ስሙን ጻፍ። «ፓኬጅ.ያምል» ያለው ፕሮጀክት ከሆነ ግን የካባል ፋይሉን በእጅ አትንካ፤ ስታክ ቢልድ ሲደረግ ኤችፓክ ራሱ ያመነጨዋል። ከዚያ ሰርቨሩን ሪስታርት አድርግ፣ ካልሆነ አሮጌውን ዝርዝር ይዞ ይቆያል።

ላይብረሪው ሠርቶ የቴስት ፎልደሩ ብቻ ከቀላ ወይም «መልቲ ክሬድል» የሚል ኤረር ካየህ የትኛው ፎልደር የየትኛው የፕሮጀክት ክፍል እንደሆነ ለሰርቨሩ የሚነግረውን «ኤችአይኢ.ያምል» ፋይል እይ። እዚያ ያልተጠቀሰ ፎልደር ለሰርቨሩ የለም። «ጄን-ኤችአይኢ» የሚባለው መሣሪያ ፋይሉን ከካባል ፋይልህ አውጥቶ ይጽፍልሃል። ፕሮጀክቱ ተራ ከሆነ ግን ያለ ኤችአይኢ.ያምልም ይሠራል፤ ያረጀ ቅጂ ከቀረ እንዲያውም እሱ ነው የሚያስቸግረው።

ላምዳ_ጀማሪ፦
በሁኩ ተስተካክሏል፣ የኤቢአይ መልእክቱ ጠፍቷል። አመሰግናለሁ! አሁን ደግሞ ፕሮጀክቱ ሲከፈት ሜሞሪው ወደ ላይ ይወጣል። ይሄ የተለመደ ነው?

ክንፍ፦
የተለመደ ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ የከፈትከውን ፋይል ብቻ ሳይሆን ፕሮጀክቱን በሙሉ ታይፕቼክ ያደርጋል። «ሀስኬል፦ ቼክ ፕሮጀክት» የሚለውን አጥፋው፤ ጉድለቱ ያልከፈትካቸው ፋይሎች ውስጥ ያለውን ስህተት ወዲያው አለማየትህ ነው። እሱም ካልበቃ «ሰርቨር ኤክስትራ አርግስ» ላይ «+አርቲኤስ -ኤም4ጂ -አርቲኤስ» ብለህ በ4 ጊጋባይት ገድበው። ገደቡ ሲደርስ ግን ሰርቨሩ አይቀንስም፣ ይሞታል፤ ስለዚህ ጠባብ አታድርገው። ሜሞሪው ጠባብ ለሆነ ማሽን ጂኤችሲአይዲን ከጎን በተርሚናል ማስኬድ ይሻላል፦ ኮምፕሊሽን የለውም፣ ግን ፋይል ሴቭ ባደረግክ ቁጥር ኤረሩን በፍጥነት ያሳይሃል።