ለካኖን 800ዲ ኮፒ ባትሪ፦ 1040 ወይስ 1800?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ካሜራዬ ካኖን 800ዲ ነው፤ ባትሪው ኤልፒ-ኢ17። ከባህር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቀኑን ሙሉ ለማንሳት አንድ ባትሪ አያዘልቅም። ኦሪጅናሉ ስለተወደደ ሁለት ኮፒ ልገዛ ነው። አንዱ ላይ 1040፣ ሌላው ላይ 1800 ሚሊ አምፒር አወር ተጽፏል። የቱን ልውሰድ?

የጣና ዳር፦ ወንድሜ፣ 1800 የሚለውን ተወው። ኦሪጅናሉ 7.2 ቮልት፣ 1040 ሚሊ አምፒር አወር ነው፤ ሲባዛና ለ1000 ሲካፈል 7.5 ዋት አወር ገደማ ይመጣል። መጠኑ ያው ከሆነ ባትሪ ውስጥ እጥፍ የሚጠጋ ኃይል የሚገባበት ቦታ የለም። ጽሑፉ ላይ ያለውን ቮልትና ሚሊ አምፒር አወር እንዲሁ አባዛ፤ ከተጻፈው ዋት አወር ጋር ካልገጠመ አትግዛ።

ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበው ግን ቺፑ ነው። ኤልፒ-ኢ17 ከካሜራውም ከቻርጀሩም ጋር የሚነጋገርበት ቺፕ አለው። ቺፑ በደንብ ያልተሠራለት ኮፒ ካሜራውን ያስነሳል፣ ነገር ግን የቻርጅ ምልክቱ በትክክል አይታይም፤ ካሜራውም ባትሪውን መለየት አልቻልኩም፣ ልቀጥል ወይ ብሎ ሊጠይቅህ ይችላል። የካኖን ቻርጀር ደግሞ ጨርሶ ላይቀበለው ይችላል። ስለዚህ ካሜራህንም ቻርጀርህንም ይዘህ ሱቅ ሂድ። ቻርጀሩ ላይ ሰክተህ መብራቱን ተመልከት፤ ከዚያ ካሜራው ውስጥ ሦስት ጊዜ አስገብተህ አውጣው። እየታከከ የሚገባ ከሆነ መልስ፤ ትንሽ ሲያብጥ ውስጥ ይቀረቀራል፣ ያኔ በቢላ መፈልቀቅ ይመጣል።

ጠያቂ፦ የኦሪጅናሉ ቻርጀር ባይቀበለውስ? ከባትሪው ጋር የሚሸጥ ባለ ዩኤስቢ ቻርጀር አለ።

ባለሙያ፦ ይሠራል፤ ጀልባ ላይ ከፓወር ባንክ ለመሙላትም ያገለግላል። ግን ሲሞላ ዳሰው። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ንቀልና ደግመህ አትጠቀምበት። ተኝተህ እያደረ እንዲሞላም አትተወው።

ቤት ስትገባ ሞክረው። ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም ሙሉ ቻርጅ አድርግ፣ በአንድ ዓይነት ሴቲንግ እስኪጠፋ ቪዲዮ ቅረጽ፣ ሰዓቱን ጻፍ። ካሜራው 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ራሱ ስለሚያቆም ወዲያው ደግመህ አስጀምረው። ኮፒው ከኦሪጅናሉ ሦስት አራተኛ እንኳ ካልደረሰ ዋስትናው ሳያልቅ መልስ። እኔ ብሆን ሁለቱን ኮፒዎች "ሀ" እና "ለ" ብዬ ምልክት አደርግባቸው ነበር፤ አንዱ ሲደክም የቱ እንደሆነ ይታወቃል።

የጣና ዳር፦ አንድ ልጨምር። በካኖን መለኪያ 800ዲ በአንድ ሙሉ ቻርጅ በመመልከቻው ቀዳዳ 600 ያህል ፎቶ፣ በላይቭ ቪው (ስክሪኑን እያዩ ሲያነሱ) ግን 270 ያህል ነው የሚያነሳው። የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጨለማ ስለሆነ፣ ሥዕሉንም ፍላሽ ስለሚጎዳው ሰው ትሪፖድ ተክሎ ስክሪኑን ያበራል፤ ባትሪውን የሚጨርሰውም እሱ ነው። ቅንብሩን በስክሪን አስተካክልና አጥፋው፣ ከዚያ በቀዳዳው አንሳ።

ጀልባው ላይ ባትሪውን ፀሐይ ላይ አትተው። ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር አንድ ኪስ አይግባ፤ ብረት ፕላስና ማይነሱን ካገናኘው ሾርት ያደርጋል። ክዳን ከሌለው መገናኛውን በፕላስተር ሸፍነህ ውሃ በማያስገባ ፌስታል ያዘው። ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ስትሄድም ትርፎቹ በእጅ ቦርሳ ይሁኑ፤ ሻንጣ ውስጥ ገብተው አይጫኑም።